በለቅሶ ቤት የተሰጠ ቁልፍ

ሚጢጢ ቁልፉን በጥቁር ሹራቧ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ለአከራያቸው አቀበለቻት። መጥረጉ የአባቷ ልማድ ነው። ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ አዲስ የቀረጸውን ቁልፍ በእጅጌው ሳይወለውል ለደንበኛ ሰጥቶ አያውቅም። እሷም ሳታስበው ወርሳዋለች። ከአባቷ መውረስ የነበረባት ሌላ ነገር እንደነበረ ያወቀችው ቆይታ ነው።

«እሰይ የኔ ልጅ! እዩልኝማ እናንተ፣ የአባቷን ቁልፍ በገዛ እጇ ሰጠችኝ» አለች አከራይዋ፣ ቁልፉን ሳሎኑን ሞልተው ለተቀመጡት ለቀስተኞች ከፍ አድርጋ እያሳየች። «እንግዲህ እሷ ጋደም ትበል። በሩን እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ።»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አከራይ ማለት እንዲህ ናት» አለ ከአባቷ ሱቅ ጎን ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ።

«እናት በላት እንጂ ምን አከራይ ትላለህ!» ብላ አንዷ አረመችው።

ሚጢጢ ልቧ ቀለል አላት። ሚጢጢ የሚላት ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ሲሆን ቁመቷ ከእሱ ካለፈ በኋላም ሊተወው አልፈለገም። አሁን ላውንድሪ ቤት ካውያ ስትገፋ የምትውል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። ልቧ የቀለላት የአባቷን አንድ ክፉ ጠባይ የካሰች ስለመሰላት ነው።

ጋሽ ቁልፌ ይሉት ነበር አባቷን። ደግ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ የሰው ፊት አይገፋም። ወደ አከራይዋና ወደ ቁልፉ ሲመጣ ግን ግግም ይላል። በሩ ላይ ያለውን ሰረገላ ቁልፍ ራሱ ገጥሞ፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ ቀረጸለት፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለልጁ። አከራይዋ ሦስተኛውን ስትጠይቅ ኖራለች።

«ቤቱ የኔ፣ በሩ የኔ፤ ቁልፉ ብቻ የኔ ያልሆነው በምን ሕግ ነው?»

«እትዬ፣ ኪራይዎን በቀኑ፣ ሰላምታዎን በየጠዋቱ ያገኛሉ። ቁልፉን ግን በሕልምዎም አያዩትም» ይላታል እየሳቀ።

ግቢው ሁሉ ይስቃል። ሚጢጢ ብቻ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አንድ ክረምት የማድ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በበሩ ሥር ሲወጣ፣ አከራይዋ ዝናብ እየወረደባት ደጅ ቆማ ጠበቀች። አባቷ ከሱቁ በሩጫ መጥቶ ከፈተ፤ ወለሉን አደረቀ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሴትዮዋን ጫማ እንኳ በራሱ ፎጣ ጠረገላት። ቁልፉን ግን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«አባባ፣ ምን ትልሃለች አሁን ይቺ ሴትዮ? አንተ ሰው አይደለህም?» አለችው ሚጢጢ ሲገቡ።

«ሰው ስለሆንኩ ነው» አላትና ልብሱን ሊቀይር ገባ። ከዚያ በላይ አላብራራም።

አሁን ሞተ። ሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሞረዱን እንደያዘ፣ ልቡ ቀጥ አለች። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው አከራይዋ ነበረች። ትልቁን ድስት ያመጣችው እሷ፣ ከየጎረቤቱ ወንበር የለመነችው እሷ፣ የሻይ ፔርሙዝ ሲያልቅ የምትሞላው እሷ። እውነት ለመናገር፣ ለቅሶዋም የውሸት አልነበረም። «እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ! እንግዲህ ማን ይመልስልኛል!» እያለች ነው አፍንጫዋ እስኪቀላ ያለቀሰችው። እንዲህ ያለችን ሴት፣ «በሩን እኔ ልጠብቅልሽ፣ ቁልፉን ወዲህ በይ» ስትል፣ በምን አፍ እምቢ ይሏታል?

በማግስቱ አንድ ባልና ሚስት ሊያጽናኑ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው አከራይዋ ናት። ሚጢጢ አታውቃቸውም፤ ግን በለቅሶ ቤት ማን ማንን ያውቃል? ሚስቲቱ ገና ከመግባቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ከሚያስፈልገው ትንሽ በለጥ አድርጋ። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠና ጥቂት ቆይቶ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ዝናብ ያበላሸውን ጥግ ለይቶ አየው።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለች ሚስቲቱ የሚጢጢን እጅ ይዛ። «በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ አሉ።» ዓይኗን ጠረገች። «ይቅርታ... ውሃ በየቀኑ ይመጣል?»

«ጠዋት ጠዋት ይመጣል። እጅሽን መታጠብ ከፈለግሽ ባልዲ ሞልቶልሻል» አለች ሚጢጢ፤ እንግዳ ሳይስተናገድ እንዳይቀር ብላ።

ሴትዮዋ ለመታጠብ ገባች። ስትመለስ በመኝታ ቤቱ በኩል ዞራ ነው የመጣችው። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ቆመችና፣ ማንም ያላያት መስሏት፣ ወርዱን በስንዝር ለካችው።

አንድ ሰው ግን አይቷታል፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል የሚኖር፣ የጋሽ ቁልፌ የዳማ ጓደኛ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ ስለኖረ ድምፁ ራሱ የታጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ጮክ ብሎ መናገር አይችልም። ሚጢጢ ማድ ቤት ብርጭቆ ስታለቀልቅ ተከትሏት ገባ።

«እነዚያ ሰዎች ዘመዶቻችሁ ናቸው?»

«አላውቃቸውም ጋሼ። የአባባ ደንበኞች ይሆናሉ።»

«መስኮቱን ለመጋረጃ ስትለካ አየኋት።»

ሚጢጢ ነገሩ አልገባትም። ብርጭቆውን ከውሃው አውጥታ አራገፈችው።

«ቁልፍ ለአከራይዋ ሰጠች የሚሉት እውነት ነው?»

«አዎ፣ በር ልትከፍትልኝ።»

«ያንቺን ነው ወይስ የአባትሽን?»

«የአባባን። የኔማ ይኸው» አለችና በአንገቷ ካሰረችው ክር ላይ አውጥታ አሳየችው።

ጸሐፊው በሩን መለስ አደረገው። «ስሚኝ ልጄ። ተከራይ ሲሞት ውሉ አብሮ አይቀበርም። አብራው የኖረች ልጅ በዚያው ውል ትቀጥላለች፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። አከራይ ልታስወጣሽ ብትፈልግ በጽሑፍ ታስጠነቅቃለች፣ ጊዜ ትሰጣለች፤ እምቢ ካልሽ ትከሳለች። ዳኛ ሳይወስን በርሽን መንካት፣ ሰረገላ መቀየር፣ ዕቃሽን ማውጣት ለማንም አልተፈቀደም።»

«እና ታዲያ ምን አስፈራዎት?»

«አንዲት ነገር አለች። ቤቱን አንቺው ራስሽ ካስረከብሽ ይህ ሁሉ ይቀራል። ማስረከብ ደግሞ በቁልፍ ነው። የተከራዩን ቁልፍ፣ ልጁ፣ በገዛ እጇ፣ ይህን ያህል ሰው ባለበት...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «‹እዩልኝ› ያለችው ለምን ይመስልሻል?»

ሚጢጢ ሳቅ ሊመጣባት ምንም አልቀረው። «እትዬ? ድስት አምጥታልኝ? አብራኝ ስታለቅስ አድራ?»

«ድስትም ታመጣለች፣ ታለቅሳለችም። ቤቱንም ትፈልገዋለች። ሰው አንድ ነገር ብቻ መሰለሽ?»

ሚጢጢ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች።

«እንግዲያው እርስዎ ይመሰክሩልኛላ። በር ልትከፍትበት እንጂ ቤት ልትረከብበት አይደለም ብለው።»

ጸሐፊው ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወደ ገዛ ጫማው አየ። «እኔም እኮ የሷው ተከራይ ነኝ ልጄ» አለ። ድምፁ ከወትሮውም አነሰ። «ሰው በተሰበሰበበት ቁልፉን አስመልሺ። ካልሆነልሽም ለቅሶው እስኪያልፍ ቤቱን ባዶ አትተይው። እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትዪ።»

ሳይውል ሳያድር ልትጠይቅ ወሰነች። አከራይዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሚገባውን ትቀበላለች፣ የሚወጣውን ትሸኛለች፤ ቁልፉን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራዋለች። ሚጢጢ ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ሌላ ሰበብ ፈልጋ ተመለሰች። በመጨረሻ አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ያቺን ቁልፍ...»

«ቁልፏ አለች ልጄ!» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ የማድረግ ልማድ የላትም። «ሐዘን ያዞረው ሰው ቁልፍ ይዞ የት ሊጥለው ነው? ወይስ እትዬ ትሰርቀኛለች ብለሽ ፈራሽ?»

ጫማ ጠጋኙ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያርቅ ዓይኑን አነሳ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ጉሮሮ ላይ ሲቆም አጥንት ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም። «አዎ፣ ፈርቻለሁ» ብላ መልስ የምትሰጥ ልጅ አልነበረችም ሚጢጢ።

«ኧረ እትዬ! ምን በወጣኝ! እንዲያው ልድከምልዎት ብዬ ነው» አለች።

«ተይ እኔ ልድከምልሽ» አለችና ግንባሯን ሳመቻት።

ቁልፍ ልታስመልስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች። ከተቀመጠች በኋላ ማለት የነበረባትን ሁሉ አሰበች፤ «መልሺልኝ፣ የአባቴ ነው» ማለት ብቻ በቂ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ሆነ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ለአክስቷ፣ ለአባቷ ታናሽ እህት፣ ነገረቻት። ሁለቱም መኝታ ቤት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሟቹን ሸሚዞች ያጣጥፉ ነበር። አክስቷ የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ።

«ቁልፍ? ለአከራይ? ውይ ወንድሜ!»

«ምን አውቄ አክስቴ? እኔ ግትርነት ነበር የመሰለኝ።»

«አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

አክስቷ በሩ መዘጋቱን አየች። ከዚያ እያወራች ሸሚዙን አንስታ ደግማ ታጥፈው ጀመር፤ አጥፋ ስትጨርስም ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

ጋሽ ቁልፌ ሙያውን በያዘበት ሰሞን የአከራዮች ወዳጅ ነበር። «ተከራዬ ቁልፍ ይዞ ጠፋ» ይሉታል፤ ሄዶ ይከፍታል፣ አዲስ ሰረገላ ይገጥማል፣ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። እጁ ፈጣን ነበር፤ ምላሱ ደግሞ አይጠይቅም። አንድ ቀን አንዱ ሰውዬ «ባዶ ቤት ነው» ብሎ ወሰደው። ከፍቶ ሲገባ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ነካው፤ ይሞቃል።

«ድስቱ እየሞቀ ገጠመው?» አለች ሚጢጢ።

«ገጠመው። ሰውየው አናቱ ላይ ቆሟል፣ እሱ ገና ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ ይበል? ሲጨርስ ሰውየው እዚያ የምትኖር የአንዲት ሴትዮን ዕቃ ደጅ አወጣው። አባትሽ መሣሪያውን ሲሰበስብ የዕቃው ባለቤት፣ ተከራይዋ ማለቴ ነው፣ ዳቦ ገዝታ መጣች። አልጮኸችም ይለኛል። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ በሩ ጋ ሄደች፣ ቁልፏን አወጣች፣ ሞከረች። እምቢ አላት። የቆሸሸ መስሏት ነው መሰል፣ በእጅጌዋ ጠረገችውና ደግማ ሞከረች። ደግማ ጠረገችው።» አክስቷ ሸሚዙን ደረቷ ላይ ያዘችው። «መጥረጉን ከሷ ነው ያመጣው። ከዚያ ወዲህ ‹ውስጥ ሰው ይኖራል?› ሳይል በር ከፍቶ አያውቅም። ታዲያ ማን አከራይ ዳግም ይጠራዋል?»

ሚጢጢ የያዘችውን ሸሚዝ አልጋው ላይ አኖረች። አባቷ ሱቁ ውስጥ ሲቀልድ፣ ቁልፉን በእጅጌው ሲወለውል፣ «ይኸው፣ የራስህ ነው፣ ለማንም እንዳትሰጥ» ብሎ ለደንበኛ ሲያቀብል ታያት። የነጋዴ ወግ ይመስላት ነበር።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«አፍሮ ነዋ። ሰው ለልጁ ጥሩውን ነው የሚነግረው።»

አባቷ ላይ ተናደደች። ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ተናደደችበት። ወዲያው ደግሞ በመናደዷ አለቀሰች።

መቃብሩን የሚጎበኙበት ቀን ደረሰ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ጠዋት ደጅ ተሰበሰበ፤ አበባ የያዘም አለ። ሚጢጢ ጥግ ይዛ ለአክስቷ አንሾካሾከች።

«እኔ ልቅር። ቤቱ ባዶ አይሁን።»

«የአባትሽ መቃብር ላይ ሳትገኚ? ሰው ምን ይላል? እኔስ ለሰው ምን እላለሁ?»

«እሱ ይገባው ነበር።»

«እሱማ ይገባዋል። እሱ ነው የሌለው።»

ሚጢጢ ጸሐፊውን በዓይኗ ፈለገችው። ሰው መሐል ቆሟል። ሄዳ «ጋሼ፣ እስክንመለስ ሳሎን ቁጭ ይበሉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረው። «ዛሬ ችሎት አለ» አለ፤ ቀና ሳይል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታዝንበት ነበር። አሁን ግን ሁለቱም አንድ ገመድ ላይ የተሰቀሉ ልብሶች መሆናቸው ገባት፤ ነፋሱ ሲመጣ ማን ማንን ይይዛል?

«ሂጂ ልጄ፣ ለቤቱ እኔ አለሁለት» አለች አከራይዋ ከኋላዋ።

ሚጢጢ በሩን በራሷ ቁልፍ ሁለት ዙር ቆለፈችው። ገፋ አድርጋ አረጋገጠች። ሰው እየጠበቃት ነበርና ሄደች።

መቃብሩ ላይ እንደሚገባ አላለቀሰችም። ሌላው ሲያነባ እሷ በሩን ታስባለች፤ የአባቷ ስም የተጻፈበትን እንጨት እያየች ሰረገላው ነው የሚታያት። እንዲህ መሆኗ አሳፈራት። «አባባ፣ ቶሎ ልመለስ?» አለችው በሆዷ፤ እንደ ልጅነቷ።

ሲመለሱ ዕቃው በረንዳ ላይ ነበር።

የተወረወረ ነገር የለም። አንሶላዎቹ ተጣጥፈዋል። ሳህኖቹ አንድ በአንድ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። የአባቷ ፎቶ አቧራ እንዳይነካው በፎጣ ተሸፍኖ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ክፉ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ስለዚህም ለመሳደብ እንኳ አይመችም። በሩ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሰረገላ ተገጥሟል። አሮጌው፣ አባቷ የገጠመው፣ ከነብሎኑ ተፈቶ በመሣሪያ ሳጥኑ ላይ አለ፤ የአባቷ ቁልፍም ተሰክቶበታል።

«ስትጠይቂኝ የነበረውም ቁልፍ ያውልሽ ልጄ» አለች አከራይዋ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ዕቃውን ያወጣችው እያለቀሰች ነው። «ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አክስትሽ ጋ ይሻልሻል። ቤቱን ያስረከብሽኝም ራስሽ ነሽ፤ እነዚህ ሁሉ አይተዋል።»

«እኔ በር ሊከፍቱበት ነው የሰጠሁዎት...»

«እዩልኝ ስል ማን ተቃወመ? አንተ አላየህም?»

ጫማ ጠጋኙ ባርኔጣውን አወለቀ። ውሸት የማያውቅ ሰው ነው፤ ሚጢጢ የተጎዳችውም በዚሁ ነው። «ሰጥታታለች። ያየሁትን አላየሁም አልልም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ግን ለዚህ አልመሰለኝም» አለ፤ ይህንን ግን ለራሱ ስለነበር የሰማው የለም።

ጸሐፊው ከችሎት ተመልሶ ከሰዉ ኋላ ቆሟል። ሚጢጢ አየችው። ቀርቦ በዚያው በታጠፈ ድምፁ «መክሰስ ይቻላል» አላት። «ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሰረገላ መቀየር ጥፋት ነው። መብት አለሽ።»

«እስኪፈረድ የት ልደር ጋሼ?»

ጸሐፊው ወደ ሰዉ ኋላ ተመለሰ።

አክስቷ ፎቶውን አንስታ አቀፈችው። «ነይ ልጄ፣ ነይ እንሂድ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።» አንዳንዱ ሰው ዕቃ ለመሸከም እጅጌውን ሰብሰብ ማድረግ ጀመረ፤ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ።

ሚጢጢ በመሐላቸው አልፋ በሩ ጋ ሄደች። ከአንገቷ ክሩን አወጣች። የቁልፍ ሠሪ ልጅ ናት፤ የአንዱ በር ቁልፍ ለሌላው እንደማይሆን ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ እሷ ታውቃለች። ቁልፏን አዲሱ ሰረገላ ላይ ሞከረች። አልገባም።

«ተይው በቃ» አለች አክስቷ ከኋላዋ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ሚጢጢ ቁልፉን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችውና ደግማ ሞከረች።